በእውነተኛ መስቀል ፊት

ለፊልም ተብሎ የተማለ መሐላ ያስራል ወይስ አያስርም? ጌዲዮን ባሕር ማዶ ፊልም ሲያጠና ይህን የጠየቀው አንድም መምህር አልነበረም። አሁን ግን ከመካነ ኢየሱስ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ለቀረጻ በተሠራው የምሽግ በር ፊት ሰው ሁሉ ቆሞ መልሱን ከእሱ ይጠብቃል።

የመመረቂያ ጽሑፉ በመካከለኛው ዘመን ፈረሰኞች ላይ በተሠሩ የድሮ ጀብዱ ፊልሞች ላይ ነበር። ስሕተታቸውን መልቀም ይወድ ነበር፦ በጦረኛ ክንድ ላይ የተረሳ የእጅ ሰዓት፣ ከቆርቆሮ የተቀጠቀጠ የጦር ልብስ፣ ፊቱን ቀለም ተቀብቶ የዓረብ ሱልጣን የሆነ ፈረንጅ። «እኔ ስሠራ አንዲት ውሸት አትገባም» ብሎ ፎክሯል። አገሩ ገብቶ በገዛ ወዳጁ የተከዳን የጥንት ንጉሥ ታሪክ ሊቀርጽ ሲነሣም ከከተማ ተዋናይ አላመጣም። ጋሻው ከአያት የወረደ፣ ካባው የእጅ ፈትል፣ ሰዎቹ የእስቴ ገበሬዎች ሆኑ። ከዳተኛውን እንዲጫወት ፊተ ረጅሙን ደምሌን መረጠ፤ ንጉሡን የሚጫወተው የደምሌ ጎረቤት አገኘሁ ነው።

ጠዋት ደምሌ ለንጉሡ ማለ። መስቀሉን የያዙት የደብሩ ቄስ ገብረ ኢየሱስ ነበሩ። «ብከዳህ ይህ መስቀል ይፍረድብኝ» አለ፣ ድምፁ ሳይናወጥ። ጌዲዮን አጨበጨበ።

ከሰዓት በኋላ በሩን ለጠላት የሚከፍትበት ተራ ሲደርስ ደምሌ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«አልከፍትም። ጠዋት ምያለሁ።»

«አያ ደምሌ፣ ጨዋታ እኮ ነው!»

«ጨዋታውስ ጨዋታ ነው። መስቀሉሳ?»

አገኘሁ ዘውዱን ወደ ማጅራቱ ገፋ አደረገ። «ኧረ ክዳኝና እንገላገል! በሬዎቼ ውኃ ሳይጠጡ ዋሉ። ክዱኝ ብሎ የሚለምን ንጉሥ የት አይታችኋል?»

ሰው ሳቀ፤ ደምሌ አልሳቀም። ጌዲዮን ወደ ቄሱ ዞረ። «አባቴ፣ ይንገሯቸው እንጂ።»

«ያልተባረከ እንጨት ጠርበን እንያዝ ብዬህ ነበር» አሉ ቄሱ። «የእውነቱ ካልሆነ አይሆንም ያልከኝ አንተው ነህ፣ ልጄ።»

ደምሌ ቀና አለ። «ታሪኩን አዙረውና ከንጉሡ ጋር አብሬ ልሙት። እንዲያ ከሆነ አሁኑኑ እነሣለሁ።»

ጌዲዮን ልቡ ለሁለት ተከፈለ። ካሜራው ነገ ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል። ደግሞስ ከዳተኛ የሌለበት የክህደት ታሪክ፣ ሲስቅባቸው ከኖሩት ፊልሞች በምን ይለያል?

«ለእኔም እኮ ቃል ሰጥተውኛል» አለ በመጨረሻ። «እስከ ፍጻሜው እሠራልሃለሁ ብለውኛል። ለእኔ የሰጡኝንስ ቃል ሊያፈርሱት ነው?»

ደምሌ ተነሣ። ካባውን ሰብስቦ የበሩን መወርወሪያ ሳበ። በዚያች ቅጽበት እንደ ደምሌ ያለ ፊት ጌዲዮን በየትኛውም ፊልም አላየም። ቀረጻው ሲያልቅ ደምሌ ለሠራተኛው ከታረደው በግ ሳይቀምስ ወደ ቤቱ ወረደ።

ወራት አልፈው ጌዲዮን አዲስ አበባ ፊልሙን ሲያቀናብር አገኘሁ ደወለ። ስለ ገብሱ አወራ፣ ዘውዱን ልጆቹ እንደሰባበሩት ነገረው፤ ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደምሌ ደጀ ሰላሙን አያልፍም። እሑድ እሑድ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ነው የሚያስቀድስ። ቄሱስ ንስሐ ሰጥተው ፈትተውት ነበር፤ እሱ ግን እግሬ እምቢ አለኝ ይላል።»

ጌዲዮን ያን ትዕይንት ደጋግሞ ተመለከተው። በዕድሜው ከሠራው ሁሉ የሚበልጥ እሱ ነበር። ቆርጦ አጠፋው። በፊልሙ ውስጥ በሩ፣ ማን እንደከፈተው ሳይታይ፣ ክፍት ሆኖ ቀረ። ስልኩን አንሥቶ ጻፈ፦

«አያ ደምሌ፣ በሩን የከፈቱበትን አጥፍቼዋለሁ። ማንም አያየውም። እባክዎ ይግቡ።»

መልእክቱ መድረሱን አየ። ያን ቀን ጠበቀ፤ በማግስቱም፣ ፊልሙ በተመረቀበት ዕለትም። መልስ አልመጣም።