የኩርፊያው ሕግ

በዕድሜው አንቱ ሊባል የሚገባው ሰው ነው፤ ሰባ አራት ሞልቶታል። እኛ ግን አንተ እንለዋለን፤ በዚያች ሳምንት የሠራው ሥራ አንቱ የሚያሰኝ አልነበረም።

ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድቷል፤ ሰፈርተኛው ዛሬም ሾፌሩ እያለ ነው የሚጠራው። ሚስቱ ደግሞ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ማሽን ላይ ቆማ ያረጀች ሴት ናት። የእሷን ጆሮ የማሽኑ ጩኸት በልቶታል፤ የእሱን ዓይን ሞራ ጋርዶታል። ስለዚህ ቤቱን ተከፋፍለው ያዙት። በር ሲንኳኳ፣ ስልክ ሲጮኽ እሱ ነው፤ ደብዳቤ ሲመጣ፣ ሩዝ ሲለቀም፣ ክኒን ሲቆጠር እሷ ናት። "ሁለታችን ተደምረን አንድ ደህና ሰው ይወጣናል" እያለች ትስቅ ነበር።

እሷ ከፊቷ የቆመን ሰው ከንፈር አይታ የሚለውን ታውቃለች። በፋብሪካው ጩኸት ውስጥ ሴቶቹ ሁሉ የሚያወሩት እንዲያ ነበር። እሷን ለማናገር መጮኽ አያስፈልግም፤ ትከሻዋን ነካ ማድረግ፣ እስክትዞር መጠበቅ፣ ፊት ለፊት መናገር ነው። ይህንን ከባሏ የተሻለ የሚያውቅ ሰው በምድር ላይ አልነበረም።

ሾፌሩ የማያማርርበት ነገር የለም። ደረጃው በዛ፣ ሻዩ ቀዘቀዘ፣ የጎረቤት ውሻ ባለቤቱን መሰለ። ጠዋት ጠዋት ግን በረንዳው ላይ ለአንድ ሰዓት ያህል ፀሐይ ትገባለች። ሁለት ወንበር አውጥተው፣ ሐኪም ቀንሱ ያላቸውን ስኳር ሻዩ ላይ በልግስና ጨምረው ይቀመጣሉ። ከታች አውቶቡስ ባለፈ ቁጥር እሱ ጆሮውን ያቆማል።

"ስሚው ይሄን! ክላቹን ፈጀው እኮ! ለዚህ መንጃ ፈቃድ የሰጠው ማነው?"

እሷ ከንፈሩን አይታ፣ "ለአንተ የሰጠው ሰውዬ ነዋ" ትለዋለች። በዚያች ሰዓት ሁለቱም ደስተኞች ነበሩ፤ ቢጠየቁ ግን ሽንጣቸውን ገትረው ይክዳሉ።

ነገሩ የተጀመረው በኮት ነው። ሰኞ ዕለት ያንን ክርኑ ያለቀ የሥራ ኮቱን ከቁም ሳጥን አውጥታ ጨርቅ ለሚሰበስብ ሰው ሰጠችው።

"ብል በልቶታል እኮ! ለማን ልታወርሰው ነው?" አለችው።

"የኔን ዕቃ ሳትጠይቂኝ ለሰው ለመስጠት ምን አገባሽ?"

"አፍንጫህን ላስ!"

ነገር ነገርን አነሣና ከሞቱ ሃያ ዓመት የሞላቸው እናቶቻቸው ሳይቀሩ ተነሡ። በመጨረሻ "ከዛሬ ጀምሮ አላናግርሽም" አላት። "እሰየው! አረፍኩ" አለችው።

የዚህ ቤት ኩርፊያ ሕግ አለው። መጀመሪያ አፉን የከፈተ ተሸናፊ ነው፤ ተሸናፊ ለአንድ ሳምንት ሻይ ያፈላል፣ ከዚያም ብሶ ለዓመታት ይሳቅበታል። በወረቀት ጽፎ ማቀበልም ሆነ በእጅ ማመልከት እንደ መናገር ይቆጠራል። በአርባ ሁለት ዓመት ትዳር እሱ ያሸነፈው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ አንደኛውን እሷ እስከ ዛሬ አልተቀበለችውም። ይሄኛውን ከተሸነፍኩ ሞቼ እገኛለሁ አለ።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ስልኩ ጮኸ። የመድኃኒት ቤቷ ባለሙያ ነበረች።

"አባባ፣ እማማ አሉ?"

"አለች፤ ስልክ አትሰማም። ለኔ ንገሪኝ ልጄ።"

"ትናንት ከእኛ ስለወሰዱት አዲሱ የደም ግፊት ክኒን ነው። እሱን ከጀመሩ የድሮውን ነጩን ማቆም አለባቸው። ሁለቱን አብረው ከወሰዱ ግፊታቸው ከልክ በላይ ይወርድና አዙሯቸው ይወድቃሉ። ትናንት ሳልነግራቸው ቀርቼ ነው። አደራ፣ ዛሬውኑ ይንገሯቸው።"

"እሺ፣ እነግራታለሁ" አለና ስልኩን ዘጋ።

ተነሥቶ እስከ ወጥ ቤቱ በር ሄደ። እዚያ ሲደርስ እልህ ያዘው። ገና አንድ ቀን ሳይሞላው ተሸነፈ ልትል ነው። "እሷው ራሷ ሳታናግረኝ አትውልም፤ ያኔ እነግራታለሁ" ብሎ ወደ ወንበሩ ተመለሰ። እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል። እዚህ ቤት ግን እልኸኛው እሱ ሆኖ ምላጩን የምትውጠው እሷ ነበረች።

ለልጃቸው ደውሎ በእሷ በኩል ማስነገርም አሰበ። ልጅቷ ግን ወደ ቤቷ ልትወስዳቸው ሰበብ ፈላጊ ናት፤ "ይኸው፣ ብቻችሁን መኖር አልቻላችሁም" ብላ በማግስቱ ዕቃቸውን ልትጭን ትመጣለች። ተወው።

እራት ላይ ክኒኗን ስትወስድ ሰማት። የነጩ ብልቃጥ ክዳን ቆርቆሮ ነው፣ ይንጫጫል፤ የአዲሱ ፕላስቲክ ነው፣ ጠቅ ይላል። ሁለቱም ተከፈቱ። አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። የአንድ ቀን ምንም አያደርጋትም፣ ብረት የሆነች ሴት ናት እያለ ራሱን አጽናና።

ረቡዕ ጠዋት በረንዳው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ኩርፊያ ፀሐይ አይከለክልም። ልትገባ ስትነሣ ግድግዳውን ይዛ ቆም አለች፣ "ኡፍ" አለች። አሁን ፈራ። እውነቱን እንነጋገር፣ በጣም ፈራ። ተከትሏት ወጥ ቤት ገባ። ዕቃ ማጠቢያው ላይ ጎንበስ ብላለች፣ ጀርባዋን ሰጥታዋለች። እጁን ወደ ትከሻዋ ዘረጋ። ያን ጊዜ ስትዞር ፊቷ ላይ የምትወጣው ፈገግታ ታየችው፤ ያቺ የአሸናፊ ፈገግታ፣ ስንት ዓመት ያንገበገበችው። እጁን መለሰ።

ወደ በሩ ሸሸት አለና በተራ ድምፅ ለጀርባዋ ተናገረ።

"ነጩን ክኒን አቁሚ ተብለሻል። ከአዲሱ ጋር አይወሰድም።"

ውሃው ይፈስሳል። አልዞረችም።

"እንግዲህ ነግሬሻለሁ" ብሎ ወጣ። ሸክም ያወረደ ያህል ቀለለው። ቆይቶ ጭራሽ ተናደደባት፤ እኔ ተሸንፌ ሳናግራት እሷ ጆሮ ዳባ ልበስ አለችኝ ብሎ። እንዳልሰማችው እያወቀ ነው ይህን የሚለው። ሰው ራሱን ለማታለል ሲነሣ ብልሃት አያጣም።

ማታም ሁለቱ ብልቃጦች ተከፈቱ። ሰማ። "ነግሬያታለሁ" አለ በሆዱ።

ሐሙስ ጠዋት ወንበሮቹን አውጥቶ ሲጠብቃት ከወጥ ቤት ብርጭቆ ሲሰበር ሰማ፤ ቀጥሎ ከብርጭቆ የከበደ ነገር ወደቀ። ግድግዳ እየዳበሰ ደረሰ። ጭንቅላቷን የማጠቢያው ጠርዝ መትቷት ነበር። መሬት ላይ ተንበርክኮ ፊቷን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ራሱ አዞረው። "እኔ ነኝ፣ እይኝ፣ አፌን እይኝ" አላት ደጋግሞ። ዓይኗ ተከፍቶ ይሁን ተከድኖ ማየት አልቻለም።

ጎረቤቶች ደርሰው አምቡላንስ ጠሩ። ከቀትር በኋላ ሆስፒታል ውስጥ ሞተች።

ልጅቷ ሁለቱን ብልቃጦች ለሐኪሙ አሳይታ፣ መድኃኒት ቤቱ ጋ ደውላ፣ ኮሪደሩ ላይ ወደ ተቀመጠበት አግዳሚ መጣች።

"አባዬ፣ ማክሰኞ ለአባባ ነግሬያቸዋለሁ እያለች ነው የመድኃኒት ቤቷ ልጅ።"

"አዎ፣ ነግራኛለች።"

"ለእማዬስ?"

"ነገርኳት።"

ለቅሶዋ ወደ ቁጣ ተለወጠ። "አይ እማዬ! መቼ የሰው ምክር ሰምታ ታውቃለች? በገዛ እልኋ ሄደች!" አለች። ከዚያ ድንገት ድምፅዋ ዝቅ አለ፤ የእናቷን ጆሮ ታውቀዋለች።

"አባዬ... ስትነግራት ዞራ ነበር? አይታህ ነበር?"

ሾፌሩ እውነቱን ሊናገር አፉን ከፈተ።

"አይታኛለች" አለ። "አውቃ ነው እምቢ ያለችው።"

ልጅቷ አጠገቡ ተቀምጣ አቀፈችው። "አይዞህ አባዬ፣ አንተ ምን ታደርግ" እያለች አጽናናችው፤ እሱም እንድታጽናናው ተዋት።