ደንበኛ ቁጥር ሁለት

በዛብህ አስማረን እስካሁን ይቅር አላልኩትም፤ ለማለትም አልቸኩልም።

አብሮ አደጌ ነው። እንጅባራ ላይ ማርና የፈረስ ዕቃ ይሸጣል። በኢንተርኔት ልሽጥ ብሎ ሲነሳ የሱቁ መረጃ የሚቀመጥበትን ዳታቤዝ፣ ሠንጠረዦቹን እንድሠራለት ለመነኝ። ሦስት ወር ተቀመጥኩበት፤ ደንበኛው ለብቻ፣ ዕቃው ለብቻ፣ ትእዛዙ ለብቻ። አንዱ ከሌላው እንዳይምታታ ለእያንዳንዱ ደንበኛ የራሱን ቁጥር ሰጠሁ።

እሱ ግን ቁጥሩን ሲያይ ሳቀብኝ። «ቁጥር ለእስረኛ ነው። የእኛ አገር ሰው በስሙና በአባቱ ስም ነው የሚታወቀው።»

«ስምህንና የአባትህን ስም የሚጋራ ሌላ ሰው ቢመጣስ?»

«እኔን የመሰለ ከየት ይመጣል?»

የሚስቱ ወንድም ውዱ ቁጥሩን አጥፍቶ ስምና የአባት ስም መለያ አደረገ። በኢንተርኔት ሱቁ ምረቃ ቀን ደግሞ በዛብህ አዳራሽ ውስጥ በተሰበሰበው ሰው ፊት «ይህን ሁሉ የሠራው ውዱ ነው» አለ። እኔን ለስላሳ አድይ አለኝ። አደልኩ።

እዚያው መድረክ ላይ የመጀመሪያውን ትእዛዝ ራሱ በስሙና በአድራሻው ላከ፤ ለሚስቱ አባት ለፈረስ በዓል የሚሆን በብር ያጌጠ ኮርቻ። ከአዳራሹ ወጥቼ ዳንግላ ላሉት አጎቴ ደወልኩ። የእሳቸውም ስም በዛብህ አስማረ ነው።

«አጎቴ፣ በስልክዎ ከዚህ ሱቅ አንድ ኪሎ ማር ይዘዙልኝ።»

አዘዙ፤ አድራሻቸውንም ሞሉ። ሠንጠረዡ ሁለቱን እንደ አንድ ሰው ቆጥሮ የእሱን አድራሻ በእሳቸው ተካው። ዕቃ የሚልከው ሠራተኛ በአዲሱ አድራሻ ስለላከው ኮርቻው በማግስቱ በሚኒባስ ዳንግላ ገባ።

በዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው በዛብህ ቤቴ መጣ፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ኮርቻው የት ገባ?»

«በዛብህ አስማረ ተረክበውታል» አልኩት።

«አማቴ ነገ ይመጣሉ፤ ምን ልበላቸው? አስተካክይልኝ።»

«የሠራው ውዱ አይደል? እሱን ጠይቅ።»

«ውዱማ ምኑንም አያውቅ።»

«ይህንን ለእኔ ሳይሆን ለምረቃው ለጠራሃቸው ሰዎች ንገራቸው።»

በማግስቱ የምረቃውን እንግዶች በዚያው አዳራሽ ሰበሰበ። አንገቱን ደፍቶ ወደ እኔ እየጠቆመ «የሠራችው ልክየለሽ ናት፤ ያበላሸነው እኔና ውዱ ነን» አለ። አማቱ ከፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጠው ይሰሙ ነበር። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።

ኮርቻውን አስመለስኩለት። የደንበኞቹንም ቁጥር እንደገና ሠንጠረዡ ውስጥ አስገባሁ። ለአጎቴ ቁጥር አንድን ሰጠኋቸው። ለእሱ ሁለትን።