የጋሼ ቆዩ ጎድን

ሰፈሩ «ጋሼ ቆዩ» ነው የሚላቸው። ፊት ለፊት አይደለም፤ አለፍ ሲሉ ከኋላቸው ነው። ፍርድ ቤት በጸሐፊነት አርጅተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ከአፋቸው የወጣው ቃል ቢጠራቀም ግማሹ «ቆዩ» ሳይሆን አይቀርም። ጣሪያው ሲያፈስ «ቆዩ፣ ክረምቱ ይውጣ» ይላሉ። ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ «ቆዩ እንጂ፣ አሁን ምን አስቸኮላችሁ? ደረቅ አይደል?»። ሚስታቸውና ልጆቻቸው ይህን «እርጋታ» ብለው ይጠሩታል፤ እንደ ርስትም ይኮሩበታል።

ፀጉር ሠሪዋ ለዚህ ቤት ምራት ሆና ስትመጣ እርጋታውን ከልቧ ወዳው ነበር። ያደገችበት ቤት ሌላ ነው። አባቷ የታመመ ጥርሱን በጉጠት እነቅላለሁ ብሎ ጤነኛውን ያወጣ ሰው ነው። ወንድሞቿ የምታንጠባጥብ ቧንቧ እንጠግናለን ብለው ሳሎኑን ኩሬ ያደረጉ ናቸው። እዚያ ቤት እጁን አጣጥፎ የተገኘ ሰው ወይ ታሟል ወይ ሰንፏል። እናም ባሏ በነገሩ ሁሉ «እስኪ እንየው» ሲል ስትሰማ አስተዋይ ሰው ያገኘች መሰላት። «እንየው» ማለት በቃ ማየት ብቻ መሆኑ የገባት ተጋብተው ከከረሙ በኋላ ነው።

ነገሩ የተፈጠረው አንድ እሑድ ምሳ ላይ ነው። ጋሼ ቆዩ ከገበታው ራስ ተቀምጠው፣ ተቻኩሎ ክስ መሥርቶ ስለተረታ ጎረቤት ያወራሉ። ደግሞ ሥጋ ያላምጣሉ። «ምናለ ትንሽ ቢታገስ ኖሮ፣ ነገሩ በራሱ…» ብለው ቆሙ። ቃሉ ጠፍቷቸው መስሏቸው ሁሉም ጠበቃቸው። ከዚያ እጃቸው ወደ ጉሮሯቸው ሄደ። ዓይናቸው ፈጠጠ፣ አፋቸው ተከፈተ፣ ድምፅ ግን የለም። ሥጋው አንቋቸዋል።

«አትንኩት! አየር ስጡት!» ብላ ጮኸች የባሏ እህት። ሆስፒታል ካርድ ክፍል ስለምትሠራ የቤተሰቡ ሐኪም እሷ ናት። ለሰውየው የጠፋው አየሩ መሆኑን ልብ ያለው የለም፤ ሁሉም ትእዛዙን አክብሮ አንድ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። እናትየው ውሃ ቀዱና ብርጭቆውን ይዘው ቆሙ። ባሏ ተነሣ፤ መነሣት እንኳ ተነሣ።

«አምቡላንስ እንጥራ እንዴ?» ሲል እህቱን ጠየቃት።

«ቆይ እስኪ፣ ይወርድለት ይሆናል።»

የጋሼ ቆዩ ከንፈር ጠቆረ። ፀጉር ሠሪዋ የምታደርገውን ታውቅ ነበር ቢባል ውሸት ነው። አንድ ጠዋት የደንበኛ ፀጉር ስታደርቅ፣ ፀጉር ቤቷ ውስጥ በተሰቀለው ቴሌቪዥን ለታነቀ ሰው የሚደረገውን ሲያሳዩ በግማሽ ዓይን አይታለች፤ ያውም ድምፁ በማድረቂያው ተውጦ። ግን እጇ አልጠየቃትም። ከኋላቸው ዞራ አቀፈቻቸው፣ ጡጫዋን ከደረታቸው ሥር ቆለፈችና ወደ ውስጥ ወደ ላይ ሳበች። ምንም። ደገመች። በሦስተኛው ከጎናቸው አንድ ነገር ቋ አለ፤ ቁራጩም ተስፈንጥሮ ከልጃቸው ሳህን አጠገብ አረፈ። ትንፋሻቸው እያፏጨ ተመለሰ።

የመጀመሪያ ቃላቸው «ጎኔን!» ነበር።

ሆስፒታል ያያቸው ሐኪም የጎድን አጥንታቸው መሰንጠቁንና በራሱ እንደሚጠገን ነገራቸው። «የደረሰልዎ ሰው ማነው? ዕድለኛ ነዎት» አላቸው። ወደ ቤት ሲመለሱ ከዚህ ንግግር የተረፈው «ዕድለኛ» የሚለው ብቻ ነው።

ከዚያ ጠያቂው ጎረፈ። ወሬው በተነገረ ቁጥር የሥጋው ቁራጭ እያነሰ፣ ስብራቱ እየበዛ ሄደ። እህትየው «ውሃውን ሊጠጣ ሲል ዘላ ያዘችው» ትላለች። አንዷ ጎረቤት ከንፈሯን መጠጠች፦ «ፀጉር ሠሪ አይደለች እንዴ፣ መጎተት ለምዳ ነው።» ፀጉር ሠሪዋ ሻይ እያቀረበች ይህን ሁሉ ትሰማለች።

«ይወርድ ነበር» አሉ ጋሼ ቆዩ ትራሳቸውን እያመቻቹ። «ትንሽ ብትቆዩኝ ይወርድ ነበር።»

«ጋሼ፣ ጠቁረው ነበር እኮ።»

«እኔ ድሮስ መቼ ቀይ ነበርኩ?»

ጠያቂዎቹ ሳቁ። ባሏም ሳቀ። እሷ ትሪውን እንደያዘች ፊታቸውን አንድ በአንድ አየችው፣ ናቀቻቸውም። ያን ቀን ሰውየው እንደቆሙ ቢቀሩ ኖሮ ማንም ጥፋተኛ አይሆንም ነበር። «ቀኑ ደርሶ ነው» ይባላል፣ በሚያምር ድምፅ ይለቀሳል፣ ሁሉም በንጹሕ እጁ ንፍጡን ይጠርጋል። በዚህ ቤት ጥፋተኛ የሚሆነው የነካ ነው። ያልነካ ሰው፣ አባቱ ዓይኑ ሥር ቢሞት እንኳ ጨዋ ነው።

ማታውን ባሏ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ «ይቅርታ በያቸውና ይለቅ» አላት። «ሁሉም ቅር ብሏቸዋል። አንድ ቃል ናት።»

«ምን አደረግሁ ብዬ?»

«ጎዳሻቸው እኮ።»

«አንተስ? አንተ ምን አደረግህ?»

«እኔማ ምንም አላደረግሁም» አለ ባሏ፣ ንጽሕናው በችሎት ፊት እንደተረጋገጠለት ሰው ቀና ብሎ።

ሻንጣዋን ከቁም ሣጥኑ ላይ አወረደች። ባሏ «ቆይ እስኪ፣ ነገ ረጋ ብለን እንነጋገራለን» እያለ ልብሷን ስታጥፍ አያት፤ ዚፑ እምቢ ሲላትም አያት። ሻንጣውን እየጎተተች በፊቱ ስታልፍ እንዲመቻት እግሩን ሰበሰበላት። ከጋብቻቸው ወዲህ ሳትነግረው ያደረገላት ነገር ይኸው ነው።

ወደ ወላጆቿ ቤት ሄደች። እዚያ ነገሩን አውርታ ሳትጨርስ ታላቅ ወንድሟ ጫማውን አጥልቋል።

«የታለ ይሄ ሰውዬ? ሌላኛውንም ጎኑን ነው የማሳየው!»

«መኪናውን አስነሣ!» አለ አባቷ። «የምን ቁጭ ብሎ ማውራት ነው!»

«ለምን እንደምትሄዱ ገብቷችኋል?» አለቻቸው።

«መንገድ ላይ ትነግሪናለሽ።»

ቁልፉን ነጥቃ ኪሷ ከተተች። አንዱ ቤት የሚነሣ የለም፣ ሌላው ቤት የሚቀመጥ የለም። የምትንቀው እንጂ የሚያስብ ሰው በሁለቱም ቤት አላገኘችም። ደግሞ ደስ ባይላትም አንድ ነገር ገባት። ያን ዕለት የተነሡት እጆቿ የዚህ ቤት እጆች ናቸው፤ የአባቷን ጥርስ የነቀሉት፣ ቧንቧውን የፈቱት። ሥጋው ወጣ እንጂ ባይወጣ ኖሮስ? ቢሆንም ይቅርታ ልበል የሚል ሐሳብ አልመጣላትም።

ከፀጉር ቤቷ በስተጀርባ ዕቃ የምታስቀምጥበትን ክፍል ጠርጋ ገባችበት። ባሏ አልፎ አልፎ ይደውላል። «ጊዜ ይፍታው» ይላል። እሷም ስልኩን ጆሮዋና ትከሻዋ መሃል አጣብቃ የሰው ፀጉር ትጠቀልላለች።

አንድ ጠዋት ደንበኛ ሳይገባ የባሏ እናት መጡ። በሩን ራሳቸው ዘጉት። ፀጉር ሠሪዋ ሊያስታርቁ የመጡ መስሏት ፊቷን አጠቆረች። ብርጭቆ ይዘው እንደ ሐውልት የቆሙት ሴትዮ፣ ያን ሁሉ ሐሜት ሰምተው አንዲት ቃል ያልተነፈሱት ሴትዮ፣ አሁን ምን ሊሉ ነው?

«ልጄ፣ ያንን ነገር አሳዪኝ» አሉ ሴትዮዋ።

«የቱን፣ እትዬ?»

«ጋሼን ያደረግሽውን።»

ሳቋ መጣባት። «ደግሞ ቢያንቃቸው ብለው ነው?»

«ለሱማ ልጆቹ አሉለት።» ይህን ሲሉ ፊታቸው ላይ ፌዝ ይሁን ምሬት አይለይም። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሰው ለራሱ ሊያደርገው ይችላል ወይ? ብቻውን?»

ፀጉር ሠሪዋ ያን ጊዜ ገባት። ሴትዮዋ ያን ቀን ብርጭቆውን እንደያዙ ዝም ብለው አልቆሙም ነበር። ዓይናቸውን በገበታው ዙሪያ አዙረው የልጆቻቸውን ፊት አይተዋል፤ ነገ ለእሳቸው ማን እንደሚነሣ አይተዋል።

የተራ መጠበቂያውን የእንጨት ወንበር ጎትታ ጀርባውን አዞረችላቸው። ስልኳ ላይ ፈልጋ እያየች አሳየቻቸው። «ሆድዎን እዚህ ላይ፣ ከእምብርት ከፍ አድርገው። ከዚያ ራስዎን ይጣሉበት። በኃይል ነው።»

ሴትዮዋ ሻርፓቸውን አውልቀው አስቀመጡ። ጠጋ ብለው ወንበሩን ነካ አደረጉት።

«ይሄማ መደገፍ ነው፣ እትዬ።»

«ጎኔ ቢሰበርስ?»

«ይሰበር።»

አሮጊቷ ትንሽ አሰቡ። ጥርሳቸውን ነከሱና ተወረወሩበት፤ ወንበሩ ተንሸራቶ ግድግዳው ላይ ተላተመ፣ መደርደሪያው ላይ ያሉት ማበጠሪያዎች ተንኳኩ። ቀና ሲሉ ፊታቸው ቀልቷል፣ ፀጉራቸው ተበታትኗል።

ውጭ ደንበኛ በሩን አንኳኳች።

«አንዴ ልድገመው» አሉ ሴትዮዋ ወንበሩን ወደ ቦታው እየጎተቱ።