ቦታውን ሳላይ አልሸጥም

ገማቹ ያላየው የአደጋ ዓይነት አልነበረም። በመድን ድርጅት የጉዳት ገማች ስለሆነ የተቃጠለ መጋዘንም፣ የተገለበጠ መኪናም፣ ጎርፍ የገባበት ሱቅም ዋጋው የሚቆረጠው በእሱ ዓይን ነው። ከልማድ ብዛት ሰው ቤት በእንግድነት ሲገባ እንኳ ቀድሞ የሚያየው የቤቱን ባለቤት ሳይሆን የኤሌክትሪክ ሽቦውን ነበር።

ከዚህ ሁሉ ፍርስራሽ የሚያሳርፈው ጓሮው ብቻ ነው። እዚያ በቀለም ቆርቆሮ፣ በተሰነጠቀ ባልዲ፣ ልጆቹ በሕፃንነታቸው በታጠቡበት ሳፋ ሳይቀር ጽጌረዳና ፈርን የሚባለውን ለምለም ቅጠል ይተክላል፤ አፈሩን በጣቱ ይነካል፣ ቅጠሉን እየገለበጠ ያያል፣ ብቻውን ያወራል። ጎረቤቱ ሁሉ “የእጁ ነገር፣ እንጨት ቢተክልም ያብባል” ይለው ነበር። ገማቹም ይህን በሰማ ቁጥር እንዳልሰማ ሆኖ ሌላ ሰው እስኪደግመው ይጠብቃል።

አንድ ቀን ድርጅቱ ሠራተኛ ሊቀንስ መሆኑ ተሰማ። በፈቃዱ መልቀቅ የሚፈልግ እስከ ሰኞ ለአለቃው ይንገር ተባለ። ገማቹ ያን ዕለት ቤቱ ሲገባ በልቡ የችግኝ ሱቅ ከፍቶ፣ ስም አውጥቶ፣ ደንበኛ ሁሉ አፍርቶ ነበር።

“ልለቅ ነው” አለ እራት ላይ። “አበባ እሸጣለሁ።”

ሚስቱ በአንድ የጥርስ ክሊኒክ እንግዳ ተቀባይ ናት። ጉንጫቸው ያበጠ ሰዎችን “አይዞዎት፣ ምንም አያምም” እያለች ስትውል ዓመታት አልፈዋል፤ ስለዚህ በቀላሉ አትደነግጥም።

“አንድ ደሞዝ የግድ እዚህ ቤት መግባት አለበት” አለች። “የልጆቹ ትምህርት ቤት ጽጌረዳ አይቀበልም። የኔ ይግባ፣ አንተ ልቀቅ። ግን መጀመሪያ አደጋውን ንገረኝ። ሥራህ አይደል?”

ገማቹ የጠበቀው ይህንን ነበር። ጉሮሮውን ጠረገና ጀመረ። በረዶ አለ። የቅጠል ትል አለ፣ ነጭ ዝንብ አለ፣ ቀንድ አውጣ አለ። ውሃ ይጠፋል። ሌባ አጥር ይዘላል። የጎረቤት ፍየል ገመዷን ትበጥሳለች።

“ልጄ” አለች አብራቸው የምትኖረው አማቱ፣ ጉርሻዋን አቁማ፣ “ሱቅ ልትከፍት ነው ወይስ ጦርነት ልትገጥም?”

“እማማ፣ እኔ ደሞዝ የሚከፈለኝ እኮ ሰው ሳያስብ በሚደርስበት ነገር ነው።”

“እንግዲያው ፍየሏንም መድን አስገባታ!”

ሚስቱ ሳቋን ዋጠች። “ቅዳሜ በሩን ከፍተህ ሞክረው” አለች። “ከተሳካልህ ሰኞ ልቀቅ። አፌን ሞልቼ እመርቅሃለሁ።”

ቅዳሜ ጠዋት ገማቹ በር ላይ ሳንቃ ደርድሮ አበቦቹን በቁመት በቁመታቸው አሰለፈ። የመጀመሪያው ገዢ የመንገዱ ማዶ ፀጉር አስተካካይ ነበር። ፈርኑን ወደደው።

“ስንት ነው?”

“የት ልታስቀምጠው ነው?”

“ፀጉር ቤቴ።”

“ፀሐይ በየት በኩል ነው የምትገባው?”

ፀጉር አስተካካዩ አሰበ። “እንደ ሰዉ በበር መሰለኝ።”

ገማቹ ፈገግ አላለም። “ፀጉር ማድረቂያ ትጠቀማለህ?”

“ታዲያ በአፌ እፍ ልበልባቸው?”

“አይሆንም። ፈርን ትኩስ አየር አይችልም።”

“አንተ ሰውዬ፣ ልጅህን ስጠኝ ያልኩህ አስመሰልከው እኮ!” ብሎት ሄደ።

ቀጥላ የመጣችው ሴት ለእናቷ ስጦታ ፈልጋ ጽጌረዳ አነሳች። እናትየው ጉዞ ሲሄዱ ማን እንደሚያጠጣው ጠየቃት። “ከደረቀ ይጣላል፤ አበባ አይደል?” አለች። ገማቹ ጽጌረዳውን ከእጇ በትህትና፣ ግን ጠበቅ አድርጎ ተቀበላት።

ከዚያ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር መጡ። ስለ ፀሐዩም፣ ስለ ውሃውም፣ ስለ አፈሩም የተጠየቁትን ሁሉ እንደ ጎበዝ ተማሪ መለሱ። ገማቹ ደስ አለው።

“በሉ እንሂድ” አለ ጽጌረዳውን ብብቱ ሥር አድርጎ።

“ወዴት?”

“ወደ ቤትዎ ነዋ። ቦታውን ሳላይ አልሸጥም።”

መምህሩ ሰው ቤታቸው ከመጣ ስለሰነበተ ደስ ብሏቸው ይዘውት ሄዱ። ገማቹ ሰገነቱን አየ፣ ንፋሱን በጣቱ ለካ፣ ሶፋውን አስነሳ፤ እግረ መንገዱንም የደረጃው ድጋፍ እንደላላና የምድጃው ጋዝ ቱቦ እንደተሰነጠቀ ነገራቸው። መምህሩ ደጋግመው አመሰገኑት። በመጨረሻ ሰገነቱ ንፋስ ይበዛዋል ብሎ ወሰነ፤ ጽጌረዳውን ብብቱ ሥር መልሶ ተሰናበታቸው።

ሰፈሩ ሲደርስ ሳንቃው ባዶ ነበር። ሚስቱ በር ላይ ቆማ የመጨረሻውን ቆርቆሮ ለአንዲት ወጣት ታሸክማለች።

“እኔ ግን ምንም ነገር አይበረክትልኝም” ትላለች ወጣቷ።

“አይዞሽ፣ ብትረሺውም አይቀየምሽም። ከሞተብሽ ነይ፣ ሌላ አለ።”

ገማቹ “ከሞተብሽ” የሚለውን ሲሰማ ጽጌረዳውን ወደ ደረቱ አስጠጋ።

“ፈርኑስ?” አለ ወጣቷ ስትሄድ።

“ፀጉር ቤት ገባ። ሰውዬው ተመልሶ መጣ። ግን መጀመሪያ ‘ባልሽ አለ እንዴ?’ ብሎ ከአጥር ወዲያ ጠየቀ።”

የዚያን ቀን እራት ላይ ገማቹ ሐዘኑን ዋጥ አደረገና የሚያጽናናውን አሰበ። ዞሮ ዞሮ ሥራው ያዋጣል ማለት ነው። “እንግዲህ ሰኞ እለቃለሁ” አለ።

“ያዋጣል” አለች ሚስቱ። “ግን አደጋ ስትቆጥር አንድ ረስተሃል።”

“ምን ረሳሁ?”

“በሩ ላይ የሚቆመውን” አለች አማቱ።

“እማዬ፣ ተይው” አለችና ሚስቱ ወደ እሱ ዞረች። “አንድ ደሞዝ ይግባ ብዬ የለ? ያንተ ይግባ። የምለቀው እኔ ነኝ። ጥርሱን የሚያመውን ማባበል በቃኝ። ዛሬ የመጣው ሰው ሁሉ እየሳቀ ነው የሄደው።”

ጥፍሮቿ ውስጥ አፈር ገብቶ ነበር። ፊቷ ደግሞ ገማቹ ራሱ ከጓሮ ሲመለስ በመስተዋት የሚያየውን ዓይነት ፊት ነበር፤ በእሷ ላይ አይቶት አያውቅም። መከራከሪያ ፈለገ። ንብረቱ የሌላ ሰው ቢሆን ይህን ውሳኔ ዓይኑን ሳያሽ ይፈርምበት እንደነበር ታወቀው። ያንገበገበውም ይኸው ነው።

ሰኞ ዕለት ሥራው ላይ እንደሚቆይ ለአለቃው ነገረ። አለቃው ትከሻውን መታ መታ አደረገው። “አውቄ ነበር። አንተ በስሜት የምትነዳ ሰው አይደለህም።”

ወሩ ካለቀ በኋላ አንድ ምሽት ከተቃጠለ ዳቦ ቤት ሲመለስ በራቸው ላይ አንድ ደንበኛ የሎሚ ችግኝ ተሸክሞ ቆሟል። ገማቹ በጥግ በኩል ሊያልፍ ሲል ሰውዬው መንገዱን እንደመዝጋት አለና፣ “ወረፋ አለ፣ ወንድሜ” አለው።

“ችግር የለም፣ ባለቤቴ ነው” አለች ሚስቱ። “ማታ ማታ ያግዘኛል።”

ገማቹ ሎሚው ብዙ ውሃ እንደማይወድ ሊነግረው አፉን ከፈተ። ሚስቱ አየችው። አፉን ገጠመና ባልዲውን አንስቶ ወደ ቧንቧው ሄደ።