ለወይዘሪት የተሰፋ ጫማ

ሰው ወደ ሱቄ ሲገባ ቀድሜ የማየው ፊቱን ሳይሆን ተረከዙን ነው። አርባ ዓመት ጫማ ሰፍቻለሁ። ማን በየትኛው ጎኑ እንደሚረግጥ፣ ማን ወገቡን እንደሚያመው ሶሉ የተበላበትን ቦታ አይቼ እናገራለሁ። ጉራ አይደለም። እሺ፣ ጉራ ነው።

ወይዘሪት አረማመዷ ሲበላሽ ታዲያ ሰው ማማከር የት ትዝ ይለኛል! ወይዘሪት ድመት ናት፤ ያሳደገቻት ከሞተች ሁለት ዓመት የሆናት ባለቤቴ ናት። ስሟንም ያወጣችላት እሷ ናት። ድመት በጣቷ ነው የምትራመደው፤ ተረከዟ መሬት አይነካም። ወይዘሪት ግን የኋላ እግሮቿን እንደ ሰው እስከ ተረከዟ አንጥፋ፣ ወገቧን ዝቅ አድርጋ መጎተት ጀመረች። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ አይታት፣ "ነጠላ ጫማ የሰፋባት አሮጊት መሰለች እኮ!" ብላ ሳቀች። እኔም አብሬያት ሳቅሁ።

ሌላ ከተማ የምትሠራው ልጄ ግን በስልክ ስነግራት አልሳቀችም።

"አባዬ፣ ሐኪም ጋ ውሰዳት።"

"የእግር ሐኪሙ እኔ አይደለሁ እንዴ?"

"አትቀልድ። የእማዬ እኮ ናት።"

"የእናትሽ ስለሆነች አይደል እንዴ የምለፋላት!"

ከሕፃን ጫማ የተረፈ ለስላሳ ቆዳ ነበረኝ። እግሯን በክር ለካሁ፤ ከጀርባ ቀጭን ድጋፍ ከትቼ፣ ለውስጡ የሱፍ ገበር አድርጌ ሰፋሁላት። እንደዚያ ያማረ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። ተረከዟ ግን ከፍ አልል አለ። እየፈታሁ እንደገና ስሰፋ፣ ሳጠብና ሳላላ ሁለት ወር አለፈ። በዚህ መሃል የውሃ ሳህኗን በቀን ሦስቴ እሞላለሁ፣ ሦስቴም ትጨርሰዋለች። ጠጪ ሆነች ብዬ ቀለድኩ። ስትከሳም እርጅና ነው አልኩ። አንድ ጠዋት ሳህኑ እንደሞላ፣ እሷ አጠገቡ ተዘርራ አገኘኋት። ስጠራት ጆሮዋን እንኳ አላንቀሳቀሰችም።

የእንስሳት ሐኪሟ ገና ወጣት ናት። ጫማዎቹን ቀስ ብላ አወለቀች፤ አገላብጣ አየቻቸውና አስቀመጠቻቸው። ከወይዘሪት ጆሮ ጠብታ ደም ወሰደች።

"ውሃ ማብዛት የጀመረችው መቼ ነው አባባ?"

ይህን ጥያቄ አውቀዋለሁ። ከስድስት ዓመት በፊት አንድ ሐኪም ስለ ባለቤቴ ጠይቆኛል። ያኔም "እግሬን ያቃጥለኛል፣ ይደነዝዘኛል" ስትለኝ፣ ሰፋ ያለ ጫማ፣ ለስለስ ያለ ሶል እያልኩ አንድ ዓመት ሙሉ ስሰፋላት ከርሜ ነበር። የእግሯ ቁስል አልድን ሲል ነው ስኳር መሆኑ የታወቀው።

"ስኳር ነው?" አልኳት።

"አዎ። እግሯስ ጤነኛ ነው። ስኳሩ ነርቯን ጎድቶት ነው እንዲህ የምትረግጠው። በጊዜ ከታከመ ብዙውን ጊዜ ይመለሳል።"

"መርፌውን እኔ እወጋታለሁ። ባለቤቴን ጠዋትና ማታ የምወጋት እኔ ነበርኩ። ማንም አያስተምረኝም።"

"አባባ፣ አሁን ደሟ ተመርዟል። እንሞክራለን፤ ግን በጣም ዘግይቷል።"

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኔ ነኝ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሞከሩ። ከዚያ ጉልበቴ ላይ አስተኙልኝ፤ እዚያው ሞተች። ሰው አየኝ አላየኝ ሳልል አለቀስኩ።

ቤት ስደርስ ለልጄ ደወልኩ። ውሃውንም፣ ጫማውንም፣ ስኳሩንም አንድ ሳላስቀር ነገርኳት። እናቷ የሞተች ዕለት አንገቴን አቅፋ፣ "አንተ በምን ታውቃለህ አባዬ፣ በምን ታውቃለህ" ስትለኝ ነበር የዋለችው። እስከ ዛሬ በዚያ ቃል ነው የቆምኩት። አሁንም እንድትለኝ ጠበቅሁ።

"ነግሬህ ነበር እኮ አባዬ" አለችኝ።