መጠርጠር የተማሩ ዓሦች

ሥራዬ ዓሣ መቀለብ ነው። በዚህ የዓሣ ማራቢያ ጣቢያ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ትንንሾቹን አሳድጌያለሁ። ሲያዩኝ ግር ብለው ይመጣሉ፤ ከእጄ ይበላሉ። «ልጆቼ» ነው የምላቸው፤ የሚስቅብኝ ካለ ይሳቅ።

ችግሩ ሐይቁ ነው። ገና ከመለቀቃቸው አምባዛ የሚባለው ሆዳም ዓሣ ለቃቅሞ ይጨርሳቸዋል። ኃላፊው፣ «የዘንድሮዎቹም ካለቁ ጣቢያው ይዘጋል» ብሎ ቁርጡን ነገረን።

ከዚያ አንዲት ባለሙያ ተላከችልን። ገና ሳያት ዓይነ ውሃዋ አላማረኝም። አምባዛ ከሚኖርበት ገንዳ በባልዲ ውሃ ቀዳች፤ የሞተ ዓሣ ቆዳ ወቅጣ ጨመረችበት። ልጆቼ ላይ ልትደፋው ስትል ክንዷን ያዝኩ።

«ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ሲባል አልሰማሽም፣ ልጄ?»

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ ሲባልስ እርስዎ አልሰሙም፣ ጋሼ?» አለች፣ ሳትቆጣ። «ዓሣ ቆዳው ሲቀደድ የሚለቀው ጠረን አለ። ሌሎቹ ሲያሸቱት ይደነግጣሉ። ከአምባዛ ጠረን ጋር አንዴ ካሸተቱት፣ ሌላ ጊዜ የአምባዛው ብቻ ይበቃቸዋል።»

ደፋችው። ልጆቼ ወለሉ ላይ ልጥፍ ብለው ቀሩ።

በማግስቱ ነጩን የገንዳ ወለል ጭቃና ጠጠር አለበሰችው። በሳምንቱ የዓሦቹ ገላ ጠቆር ብሎ ጭቃውን መሰለ። ከሁሉ የከፋብኝ ግን የመጨረሻው ትእዛዟ ነበር።

«ከእንግዲህ በእጅዎ አይቀልቧቸው፣ ጋሼ። የሚቀርባቸውን ሁሉ ወዳጅ ይመስላቸዋል።»

የዚያን ዕለት ሚስቴን እንኳን በቅጡ ሰላም አላልኳትም። ለካ ስንት ዓመት ልጆቼን ያሳደግኩ እየመሰለኝ አምባዛ ስቀልብ ኖሬያለሁ። ከዚያ በኋላ ምግባቸውን በረጅም ቱቦ እየለቀቅኩ፣ ሳያዩኝ ዞር እል ጀመር።

በለቀቅናቸው በወሩ፣ ከኃላፊውና ከባለሙያዋ ጋር ሐይቁ ዳር ቆምን። ከጭቃና ከጠጠር በቀር የሚታይ ነገር የለም።

«አልቀዋል» አለ ኃላፊው።

ባለሙያዋ ግን «ትንሽ ይታገሡ» አለች። ጎንበስ ብለን አየን። አንዱ ጠጠር ክንፉን አራገበ። ቀጥሎ ጎኑ ያለው። ከዚያ ዓይናችን ሲለምድ፣ ጠጠር ያልነው ግማሹ ዓሣ ነበር። ኃላፊው መቁጠር ጀምሮ ተወው።

አላስቻለኝምና ወደ ውሃው አንድ እርምጃ ገባሁ። ሁሉም ባንዴ እብስ አሉ።

«ሸሹኝ» አልኩ፣ እንባዬን ሳልጠርግ። «አንዱ እንኳን አልቀረ፤ ሁሉም ሸሹኝ።»