አራት የብልቃጥ ክዳን

እህቴ ሳቢራ ነርስ ናት። የምትሠራው እዚሁ ሶዶ፣ ከሰፈራችን በባጃጅ አሥር ደቂቃ በሚወስድ ጤና ጣቢያ ነው። እኔ ከውሰር ደግሞ ትምህርቱን ከስድስተኛ ክፍል ትቼ የአባባን ሱቅ እጠብቃለሁ፤ የእሷንም ጋውን አጥባለሁ። ደሞዝ የለውም።

ሳቢራ ጭንቀት አለባት። የሠራችውን ነገር አታምነውም። በር ቆልፋ ትወጣና ተመልሳ ትነካካዋለች። በር ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ከሥራ ስትገባም «መርፌውን ሰጥቼዋለሁ ወይስ አልሰጠሁትም?» እያለች ቤት ውስጥ ስትንቆራጠጥ ትውላለች። ለዚህ ብላ አንድ ዘዴ አበጀች። መርፌውን ሰጥታ ስትጨርስ የብልቃጡን ፕላስቲክ ክዳን ኪሷ ትከታለች፤ ቤት ስትደርስ ትቆጥራለች። ቁጥሩ ከታዘዘው መርፌ ጋር ከገጠመ ትተኛለች።

ዘዴውን ለእኔ አልነገረችኝም። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ከአዳር ስትገባ ጋውኗን ተቀበልኩ፣ ኪሱን አራገፍኩ፣ ክዳኖቹንም ከቆሻሻው ጋር አቃጠልኳቸው።

«ኪሴ ውስጥ የነበሩት ክዳኖች የት አሉ?»

«አመድ ሆነዋል።»

«ስንት ነበሩ?»

«ሱቅ ስቆጥር እውላለሁ፣ ቤት ደግሞ ቆሻሻ ልቁጠር?»

ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። አልተቆጣችም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«አራት ሕፃናት ነበሩ» አለች። «ሦስቱን አስታውሳለሁ። ጦና የሚባለውን ግን እንጃ። ካርዱ ላይ ፈርሜያለሁ።»

«ከፈረምሽማ ሰጥተሻላ።»

«አራቱንም ካርድ አስቀድሜ ነው የፈረምኩት። ሥራ ሲበዛ እንደዚያ እናደርጋለን።»

«እና ጤና ጣቢያው ደውዪላቸዋ።»

«በዚህ ሳምንት ሦስት ጊዜ ደውያለሁ። የእኔን ቁጥር ሲያዩ ይሳሳቃሉ። ልጁ ካልተወጋ ይሄን ሥራ እተወዋለሁ። እንዳንቺ ሱቅ እገባለሁ።»

ሱቁ ለሁለት እንደማይበቃ ነግሬያት ጫማዋን አቀበልኳት። ባጃጅ ውስጥ ገብተን ሳንርቅ ክንዴን ያዘችኝ።

«በሩን ቆልፈሻል?»

«እማማ ውስጥ ናት፣ ሳቢ።»

የሕፃናቱ ክፍል ስንደርስ የጦና እናት አባይነሽ ልጇን ታቅፋ አልጋው ላይ ተቀምጣለች። የመጣችው ተበላ ከሚባለው ከተማ ነው። ሳቢራን ስታይ ፊቷ በራ።

«መጣሽ፣ ሲስተር? እጁ አብጧል፣ ሌላ ቦታ እፈልግለታለሁ ብለሽኝ ሄድሽ። ስጠብቅሽ ነበር።»

«ጠዋት ለገባችው ነርስ አልነገርሻትም?» አለች ሳቢራ።

«አንቺ እመለሳለሁ ስላልሽ ነዋ።»

ያን ጊዜ ሳቢራ ትዝ አላት። ምጥ የያዛት ሴት ስትመጣ እሷ ተጠርታ ሄዳ ነበር፤ በዚያው ቀረች። ታለቅሳለች ብዬ ሶፍት ፍለጋ እጄን ኪሴ ከተትኩ። እሷ ግን ቀጥ ብላ ወደ ክፍሉ ኃላፊ ወደ ሲስተር መስከረም ሄደች።

«የጦናን መርፌ አልሰጠሁም። ካርዱ ላይ ግን ፈርሜያለሁ።»

ሲስተር መስከረም ሰዓቷን አየች፣ የልጁን ሙቀት ለካች፣ ሐኪሙ ጋ ደወለች።

«አራት ሰዓት ዘግይቷል» አለች ስልኩን ዘግታ። «አሁኑኑ ይወጋ፣ ቀጣዩን ሰዓት እናስተካክላለን ብሏል። ስጪው።»

«እኔ?»

«የማንን እጅ ልትበደሪ ነው? ከዚያ ሪፖርቱን ጻፊ። የእኔንም ስም አስገቢ። ርክክብ ላይ ካርዱን እንጂ ልጁን አላየሁም።»

«የምፈራው ይሄንኑ ነበር» አለች ሳቢራ።

«እኔም ሃያ ዓመት ስፈራው ነው የኖርኩት። ምሳዬን ትቼ እደውላለሁ። ይስቁብኛል፤ ግን ሄደው አይተው ይነግሩኛል። ቤትሽ ይዘሽው ከምትንቆራጠጪ ይሳቅብሽ።»

ሳቢራ በሌላኛው እጁ ደም ሥር ፈለገች። ጦና ክፍሉን በጩኸት ሞላው። እኔ አፌ ነው እንጂ ደፋር፣ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ዞር ስል መርፌው አልቋል። ካርዱን ያነሳችው ከዚያ በኋላ ነው፤ የቀድሞውን ፊርማ በአንድ መስመር ሰርዛ ትክክለኛውን ሰዓት ጻፈችበት።

አባይነሽ ልጇን እያባበለች ቀና አለች።

«ማታ የምትገባው ማን ናት?»

ሳቢራ ብልቃጡን ቆሻሻው ውስጥ ጣለች፤ ክዳኑንም አብራ።

«እኔ ነኝ» አለችና ሪፖርቱን ልትጽፍ ወንበር ሳበች።